ስለ አረጀ ውሻና ስለ ባለ ዕዳው ጌታ

ሰው በእጁ ያለውን እንስሳ ሁሉ በሚያገኝበት ጥቅም ሲመዝን ይኖራል። በሬ በሚያርሰው መሬት፥ ላም በምትሰጠው ወተት፥ ፈረስ በሚያደርሰው መንገድ፥ ውሻም በሚጠብቀው ደጃፍ ይመዘናል። ይህ ሚዛን ጥቅሙ እስካለ ድረስ የተስተካከለ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጥቅሙ ባለቀ ጊዜ ጉድለቱ ይገለጣል። በሬ ቢያረጅ ሥጋውና ቆዳው ይፈለጋል፤ ላሚቱም እንዲሁ ናት። ውሻ ግን ሥጋው አይበላም፥ ቆዳውም አይሸጥም፤ ስለዚህ ካረጀ በኋላ ከእርሱ የሚጠበቅ አንዳች ነገር የለም። እንግዲህ ጌታው በዚያን ጊዜ የሚያደርግለት ነገር ቢኖር፥ ስለ ጥቅም ሳይሆን ስለ ሌላ ምክንያት የሚደረግ ነው። ያ ምክንያት ምን እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሕፈት አሳብ ነው።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ አስቀድሞ ፍርዱን የሰጠ ይመስላል። ጠያቂ ያጣ ደም «ደመ ከልብ» ይባላል፤ ይህም የውሻ ደም ማለት ነው። ሰው በከንቱ ሲሞት «ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እያልን እናዝናለን፤ የውሻውስ ደም ስለ ምን ጠያቂ አጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ከእነዚያ ከጥቂቶቹ ወገን አልነበርሁም። እንድጠይቅ ያስገደደኝ አንድ ያረጀና ኩላሊቱን የታመመ ውሻ ነው።

የፎገራን ሜዳ ያላየ አንባቢ ቢኖር፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ተጉዞ ወረታ ሲደርስ፥ አንዱ መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚገነጠልበት ስፍራ ቆሞ ወደ ምዕራብ ይመልከት። እስከ ጣና ባሕር ድረስ የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ያያል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከምሥራቁ ደጋ ወርደው ሜዳውን እያቋረጡ ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም ከመሄጃቸው እየወጡ ምድሩን ያለብሱታል። አገሩ በፎገራ ከብት ስሙ የታወቀ ነው፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ውሃ የሚተኛበት መሬት ሩዝ አብቃይ ሆኗል። በእንዲህ ያለ አገር የሰው ሀብት በግንብ ውስጥ የሚቆለፍ አይደለም፤ በበረት ቆሞ የሚያድር ነው። የበረቱም ቁልፍ ውሻ ነው። ጅብ ሲመጣ፥ ሌባ ሲያደባ፥ ጥጃ ከአጥር ሲወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ እርሱ ነው፤ ባለቤቱ እንቅልፍ የሚያገኘውም እርሱ ስለማይተኛ ነው። ደመወዙ ፍርፋሪ፥ አጥንትና በደጅ ያለች አንዲት ጥግ ናት።

አባቴ ከርብ ወንዝ በማይርቅ ቀበሌ ይኖር በነበረ ጊዜ «መከታ» የሚባል ቡላ ውሻ ነበረው። በ1998 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁትና ብዙ ሕዝብ ከቤቱ በተፈናቀለ ጊዜ፥ ይህ ውሻ ገና የሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። አባቴ በዚያች ሌሊት ልጆችንና ጥጆችን ወደ ከፍታው ሲያወጣ ውሻውን ለማሰብ ጊዜ አላገኘም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ውሻው ውሃውን ዋኝቶ፥ በጭቃ ተለውሶ መጣ፤ ከጥጆቹ አጠገብ ተኛ፤ በመሸም ጊዜ እንደ ልማዱ መጮኽ ጀመረ። ማንም አላመሰገነውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ተብሎ ታለፈ። እኔ ግን አስታውሳለሁ፤ በዚያች ሌሊት የሚበላው አንዳች ነገር የሰጠው አልነበረም።

አባቴ በ2005 ዓ.ም. ዐረፈ። ከብቶቹ ለወንድሞቼ ደረሱ፤ ማንም ያልተከራከረበት ውርስ ውሻው ብቻ ስለ ነበረ፥ ወደ ወረታ ከተማ ወደ እኔ ቤት መጣ። በከተማ የሚጠብቀው በረት ባይኖርም በበሩ ላይ ተኝቶ ሲጠብቅ ይውልና ያድር ነበር። በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ግን ጠባዩ ተለወጠ። ውሃ አብዝቶ ይጠጣ ጀመር፤ በገሉ የተቀመጠለትን ጨርሶ ወደ ጎረቤት ቦይ ይሄዳል። በሌሊትም በዕድሜው ሁሉ አድርጎት የማያውቀውን፥ ከበረንዳው ላይ ይሸና ነበር። እኔም ነገሩን በራሴ ጥበብ መረመርሁት፤ ሽንት የሚበዛው ውሃ ስለ በዛ ነው ብዬ ፈረድሁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ገሉን እየደፋሁ፥ ጠዋትም ሽንቱን ባየሁ ጊዜ በበትር እየመታሁት ሁለት ሳምንት ያህል ቆየሁ።

ውሻው ከሳ። እንጀራ አሽትቶ ይተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ያስታውከዋል፤ አፉም ክፉ ይሸታል። ጎረቤቶቼ ለሃጩንና አረማመዱን አይተው «አብዷል» አሉ፤ ልጆችም ድንጋይ ያዙ። አንዱ ሽማግሌ በጋሪ ጭኖ ከጉማራ ማዶ መጣል እንደሚሻል መከረኝ፤ ብዙ ሰው ያረጀ ውሻውን እንዲህ ያደርጋልና። ሳልሸሽግ ልናገር፤ ለባለ ጋሪው የሚከፈለውን ዋጋ እስከ መጠየቅ ደርሼ ነበር። ሰው በታመመ ጊዜ ዘመዶቹ ተሸክመው ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ያወርዱታል፤ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ያደርሱታል። ውሻ በታመመ ጊዜ የሚታሰበው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የማይመለስበት መንገድ ነው።

በዚያ ሳምንት የከብት ሐኪም የጎረቤቴን በሬዎች ሊከትብ መጣ። ውሻውን ከሩቅ አይቶ «ውሃ ያበዛልን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሥራዬን እንደ መልካም ሥራ ቆጥሬ፥ ያበዛ ነበር፤ አሁን ግን ከልክዬዋለሁ አልሁት። ሐኪሙም «እንግዲያስ ጥማቱን ጨመሩበት እንጂ ሕመሙን አልቀነሱለትም» አለኝ። ይህች ቃል ከልቤ እስከ ዛሬ አልወጣችም። ከሽንቱና ከደሙ ወስዶ ወደ መመርመሪያ ቤት ላከ፤ ውሻው ያረጀ ኩላሊት በሽተኛ ሆኖ ተገኘ።

ከሐኪሙ የተማርሁትን በአጭሩ ልጻፍ። ኩላሊት በሰውም በውሻም ሁለት ነው፤ በእያንዳንዱም ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ደም በእነዚህ ማጣሪያዎች ያልፋል፤ ጤነኛ ኩላሊት የሚያስፈልገውን ውሃ ለአካል መልሶ፥ ከመብል የተረፈውን ቆሻሻ በጥቂት ውሃ አሟሙቶ ያስወጣል። ማጣሪያዎቹ በዕድሜና በሕመም ሲሞቱ በሌላ አይተኩም፤ የቀሩት የሞቱትን ሥራ ጨምረው ይሠራሉ። ስለዚህ ከማጣሪያዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ በውጭ የሚታይ ምልክት አይኖርም፤ ቆሻሻው በደም ውስጥ ተከማችቶ የሚገኘውም ሦስት አራተኛ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ኩላሊት ውሃውን መመለስ ተስኖት እንዳለ ያፈሰዋል። እንግዲህ ውሻው አብዝቶ የሚሸናው አብዝቶ ስለ ጠጣ አይደለም፤ አብዝቶ የሚጠጣው ውሃው ስለ ፈሰሰበት ነው። ምክንያቱንና ውጤቱን ገልብጬ በማየቴ፥ የሚያድነውን ነገር የበሽታው ሥር አድርጌ ቆጠርሁት። ውሃ የተከለከለ የኩላሊት በሽተኛ ደሙ ይወፍራል፥ የቀሩት ማጣሪያዎችም ፈጥነው ይጠፋሉ።

መጻሕፍት እግዚአብሔር ልብንና ኩላሊትን እንደሚመረምር ይናገራሉ፤ የጥንት ሰዎች ኩላሊትን የተሰወረ አሳብ ማደሪያ አድርገው ያስቡት ስለ ነበረ ነው። በእኔም ላይ የደረሰው እንዲሁ ነው፤ የውሻው ኩላሊት ሲመረመር የእኔ ልብ ተመረመረ።

ነገር ግን ይህን ስጽፍ ማንም ሰው የታመመውን ውሻ ሁሉ ኩላሊቱን ነው ብሎ እንዳይደፍር አስጠነቅቃለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ ጽኑ በሽታ ነው፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሰውንም ውሻንም የሚያድን መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል። ውሻ ውሃ መጠጣቱም ብቻ ከዚህ በሽታ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻውንም ገና በጤናው ሳለ ማስከተብ ይገባል። የእኔ ውሻ በየዓመቱ የተከተበ መሆኑ፥ በዚያን ቀን ከድንጋይ አዳነው።

ለሜዳችን ሰዎች የሚገባ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ኩላሊትን የሚጎዳ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት ወደ ረጋ ውሃ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ውሻና ወደ ሰው ይተላለፋል። ሩዝ በሚበቅልባቸው ርጥብ አገሮች በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። እንዲሁም ሰው ለራሱ ሕመም የሚውጠውን አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመሰለውን ማስታገሻ ለውሻ መስጠት ኩላሊቱን ማቃጠል ነው። በቸርነት የተሰጠ መርዝም መርዝ መሆኑን አይተውም።

ሊቃውንቱ የዚህን በሽታ ደረጃ በአራት ይከፍሉታል። ለዚህ ሥራ በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ኩላሊት ሊቃውንት ማኅበር አለ። በደም ውስጥ ክሬያቲኒን የሚባለው ቆሻሻ በዴሲ ሊትር ከ1.4 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን አንደኛ፥ እስከ 2.8 ሁለተኛ፥ እስከ 5 ሦስተኛ፥ ከዚያ በላይ አራተኛ ደረጃ ይባላል። የመከታ 3.6 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሳይሸሽግ ነገረኝ፤ ይህ በሽታ ይዘገያል እንጂ አይድንም።

የማዘግየቱ ሥራ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መጀመሪያው ሕግ ውሃ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ቀንም ሌሊትም ከአጠገቡ አይጥፋ። ሁለተኛው መብል ነው። አጥንት ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን የሞላበት ስለ ሆነ፥ የታመመ ኩላሊት ሊያስወጣው አይችልም፤ ስለዚህ የውሻ ደስታ የሆነው አጥንት ይቀራል። የወጥ ትርፍም ይቀራል፤ ጨው አለበት፤ ሽንኩርቱም ለውሻ ሁሉ ደሙን የሚያበላሽ ነው። በዚህ ፈንታ ነጭ ሩዝ አብስለን፥ ከእንቁላል ነጩንና ጥቂት ሥጋ እየጨመርን፥ ሐኪሙ በወሰነው መጠን በቀን ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እንሰጠው ጀመር። ነጭ ሩዝ ፎስፈረሱ ጥቂት ነው፤ በወረታ ገበያም የሚጎድል አይደለም። ማስታወክን የሚያስታግሥ መድኃኒትም ታዘዘለት። የአሜሪካ ሐኪሞች በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት 38 የኩላሊት በሽተኞች የሆኑ ውሾችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ለኩላሊት ተብሎ የተዘጋጀ መብል የበሉት ውሾች ደማቸው በቆሻሻ ተመርዞ የመውደቅ አደጋ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶላቸው ተገኘ። እንግዲህ መብሉ ራሱ መድኃኒት ነው ማለት ነው። መከታም ከሳምንታት በኋላ ማስታወኩን ተወ፤ ጅራቱንም ያነሣ ጀመር።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይህ ሁሉ ስለ አንድ ውሻ መደረጉ የተገባ ነውን? ጎረቤቶቼም ወዳጆቼም ሦስት ነገር ተቃወሙኝ፤ ሦስቱም የማይናቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያው «ሰው እየተቸገረ ለውሻ ሩዝ ይቀቀላልን?» የሚል ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል ተብሎ ደስ ብሎን ነበር፤ ነገር ግን ደሙን በመሣሪያ ለማሳጠብ ገንዘብ አጥቶ በየመንገዱ የሚለምን ወገናችን ብዙ እንደ ሆነ ሁላችን አይተናል። ሰውና ውሻ በአንድ ቁራሽ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ ቁራሹ የሰው ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ዳሩ ግን ራሴን ጠየቅሁ፤ ውሻውን ከጉማራ ማዶ ብጥለው ኖሮ፥ የተረፈው ሩዝ ለማን ይደርስ ነበር? ለኩላሊት በሽተኛው አይደለም፤ ለእኔው ሆድ ነው። ለእንስሳ መራራትን በሰው ስም የሚከለክል ሰው አስቀድሞ ለሰው ምን እንደ ሰጠ ይመርምር። ውሻውን በማስታመም ላይ ሳለሁ በሰፈራችን አንዲት ኩላሊቷን የታመመች እናት መኖሯን ሰማሁ፤ ከዚያ በፊት በደጇ ሳልፍ እኖር ነበር እንጂ አልጠየቅኋትም። ለአንዱ የተከፈተ ዓይን ለሌላውም እንደሚያይ በዚህ ተማርሁ።

ሁለተኛው «እንስሳ ነው፤ ነገ የለውም፥ ዕዳም የለብህም» የሚል ነው። ይህ አሳብ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ234 እስከ 149 ዓመት የኖረው ሮማዊው ካቶ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፥ ባለ ርስት ያረጀውን በሬና ያረጀውን ባሪያ እንዲሸጥ መክሯል። በእስጳንያ ጦርነት ላይ የተሸከመውንም ፈረስ፥ የመርከብ ክፍያ እንዳያስወጣ በማለት በዚያው ትቶት ተመለሰ። የካቶን ታሪክ የጻፈው ፕሉታርኮስ ግን በዚህ ነቀፈው። ሕይወት ያለውን ፍጡር ተጠቅመንበት ሲያልቅ እንደሚጣል ጫማ ልናየው አይገባም ይላል፤ እርሱም ሲያገለግለው ያረጀውን በሬ እንደማይሸጥ ጽፏል። ምሳሌም ያመጣል፤ የአቴና ሰዎች ታላቁን ቤተ መቅደሳቸውን በሠሩ ጊዜ የደከሙትን በቅሎዎች በነጻ ለቀዋቸው ነበር፤ ከእነርሱም አንዲቱ በፈቃድዋ ተመልሳ ከሚሠሩት ፊት ፊት ትሄድ ስለ ነበረ፥ እስክትሞት በመንግሥት ወጪ እንድትቀለብ ፈረዱላት። ክሳንጢጶስ የተባለውም ሰው ሕዝቡ ከጦርነት ሸሽቶ ወደ ሳላሚስ ደሴት በተሻገረ ጊዜ፥ ውሻው ከመርከቡ ጎን ዋኝቶ ስለ ተከተለው በክብር ቀበረው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ትዝ አለኝ። ክሳንጢጶስ ዋኝቶ የተከተለውን ውሻ በክብር ሲቀብር፥ እኔ ዋኝቶ የተከተለንን ውሻ ውሃ ከለከልሁት።

ከዚህ በኋላ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በተማሪዎቹ ፊት ባስተማረው ትምህርት፥ በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ማገልገል ሲሳነው ጌታው እስኪሞት ሊያኖረው ይገባል ብሏል። የእርሱ ምክንያት ግን በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰውም ላይ መጨከንን ይለምዳል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ለእኔ አልበቃኝም። እንዲህ ከሆነ ውሻው የእኔ ጠባይ መለማመጃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ የማስበው ከዚህ የቀለለና የቀረበ ነው፤ ሥራው የተሠራ ነው፥ ደመወዙ ግን ገና አልተከፈለም። አሥር ዓመት ሌሊት የነቃ፥ የነቃበት ዋጋ ፍርፋሪ ብቻ ሊሆን አይችልም። ምጽዋት ሰጪው ካልፈለገ ይቀራል፤ ዕዳ ግን ባለ ገንዘቡ መጠየቅ ስላልቻለ አይሰረዝም። ይልቁንም አፍ የሌለው ባለ ገንዘብ ያለበት ዕዳ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል፤ ዳኛው የባለ ዕዳው ሕሊና ብቻ ነውና።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ውሻ ርኩስ ነው» የሚል ነው። ውሻ ወደ ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሥርዓቱንም አከብራለሁ። ነገር ግን አይግባ ማለትና አይጠጣ ማለት አንድ አይደለም። ሰሎሞን በምሳሌው በ12ኛው ምዕራፍ የጻድቅ ሰው ምልክት ለእንስሳው ነፍስ መራራት መሆኑን ሲናገር ንጹሑን ከርኩሱ አልለየም። የሰንበት ሕግ ለአህያም ዕረፍት ሰጥቷል፤ አህያ ደግሞ ከማይበሉት ወገን ናት። ጦብያ መንገድ በሄደ ጊዜ ውሻው ተከትሎት እንደ ነበረ መጽሐፈ ጦቢት ጽፏል። በጾመ ነነዌ የምናነበውም የዮናስ መጽሐፍ የሚፈጸመው፥ እግዚአብሔር ስለ ከተማይቱ ሰዎች ሲናገር እንስሶቿንም አብሮ በመቁጠር ነው። በባለጠጋው ደጅ የወደቀውን አልዓዛርን የቀረቡት ውሾች እንደ ነበሩ፥ ባለጠጋው ግን እንዳልቀረበው ካህናት አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

እንዲህ እያልሁ በአሳብ ረታሁ፤ ነገር ግን የመጨረሻው ፈተና በአሳብ የሚረታ አልነበረም። መከታ ከተመረመረ በኋላ 14 ወር ኖረ። በ2009 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር መብሉን ፈጽሞ ተወ፤ በአፉ ውስጥ ቁስል ወጣ፤ ውሃም ሲቀምስ መልሶ ያስታውከው ነበር። ሐኪሙ መጥቶ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥቃይ ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ ብትፈቅዱ አስተኝቼ አሳርፈዋለሁ አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ፍርሃቴም ስለ ውሻው አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር። አሥራ አራት ወር ሌሊት መነሣት፥ በረንዳ ማጠብ፥ ሩዝ መቀቀል ሰልችቶኝ ነበርና፥ አሁን እሺ ብል የማሳርፈው እርሱን ነው ወይስ ራሴን? ይህን መለየት አቃተኝ። ልቤ ንጹሕ መሆኑን እስካረጋግጥ ድረስ ብዬ ሁለት ቀን አቆየሁት።

በሁለተኛው ቀን ማታ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። እርሳቸውም አስቀድመው የሰው ነፍስና የእንስሳ ነፍስ በፍርድ አንድ እንዳልሆኑ አስረዱኝ፤ የሰው ሕይወት በሰው እጅ እንዲቆረጥ አልተፈቀደም፤ በእንስሳ ላይ ግን ሰው ተሹሟል፥ ሹመትም ለማስጨነቅ አልተሰጠም አሉኝ። ቀጥለውም «ልጄ ሆይ፥ ይህን ሁለት ቀን ስለ ማን ቆየህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ልቤን ልመረምር አልኋቸው። «የልብህን ንጽሕና በእርሱ ጥማት ገዛህን?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ መጣ። አስቀድሞ የሚያስተኛውን መድኃኒት ሰጠው፤ ከተኛም በኋላ ልብን የሚያቆመውን። እጄ በራሱ ላይ ነበረ። የሞተ ውሻ በገደል መጣል ልማድ ነው፤ እኔ ግን በጓሮዬ ጥግ፥ ከውሃ ጉድጓድ ርቆ ባለ ስፍራ፥ ጉድጓድ ጥልቅ አድርጌ ቆፍሬ ቀበርሁት።

አሁን ሁለቱን በደሎቼን ሳነጻጽር፥ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚከብድ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ውሃ የከለከልሁት ባለማወቅ ነው፤ ሲነገረኝም ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ዕረፍት የከለከልሁት እያወቅሁ ነው፤ ራሴን ከወቀሳ ለመጠበቅ ስል ነው። ጨካኝ ሰው እንስሳን ስለ ጥቅሙ ያሠቃያል፤ ሕሊናውን የሚወድ ሰውም ስለ ሕሊናው ሊያሠቃየው ይችላል። ሁለቱም እንስሳውን ረስተው ራሳቸውን የሚያዩ ናቸው። እንግዲህ ለአረጀ አገልጋይ የሚገባው ዕዳ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ መልሱን በገዛ ልቡ ውስጥ ብቻ አይፈልግ፤ በታመመው ላይ ይመልከት። ተጠምቷልን? ውሃ ይስጠው። ደክሟልን? ጥላ ይስጠው። ሕመሙን ማቅለል ተችሏልን? ያቅልለት። ከቶ ካልተቻለ ደግሞ አያቆየው።

ወገኖቼ ሆይ፥ ዛሬ የከብት ሐኪሞች በየወረዳው አሉ፤ በቢሾፍቱና በጎንደር ያሉት ትምህርት ቤቶችም የእንስሳትን ሕክምና ያስተምራሉ። ስለ በሬ ስንጠራቸው ስለ ውሻውም መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። ያረጀ ውሻችሁ ውሃ ማብዛት የጀመረ እንደ ሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ገሉን አትድፉበት። ደመ ከልብ የሚለውን ቃል ከቋንቋችን ልናወጣው አንችልም፤ ነገር ግን በየደጃችን የሚተኛው ጠባቂ ባለፈ ጊዜ፥ የአንዱስ ደም ጠያቂ እንዳያጣ፥ ጠያቂው ራሱ ባለ ዕዳው ሊሆን ይችላል።